አመዴ አይበርም

ከዱንጉዛ ቁርጥራጭ የተሰፋ አንድ ዘንዶ ምን ያህል እንዳስወጣኝ ልናገር። ጨርቁ ከሱቄ የተረፈ ብጣሽ ነው፤ ለገዢ የማይቀርብ። ሆዱ ውስጥ የተጠቀጠቀው ቃጫ ጉኑኖ ካለው ከአማቴ ጓሮ በነጻ የመጣ ነው። ዓይኖቹ ሁለት ቀይ የካፖርት ቁልፎች ናቸው፤ እነሱን በስሙኒ ገዛኋቸው፣ ያውም ተከራክሬ። እንግዲህ መነሻው ስሙኒ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያስከፈለኝ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሚስት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስነግድ እንዲህ ረክሶ ገብቶ እንዲህ የተወደደብኝ ዕቃ የለም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የላምባ ሽታ ነው። ሰሞኑን መብራት ጠፋ። ሶዶ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚደነቅ የለም፣ ሲመጣ ነው ሰው የሚያጨበጭበው። እኔ ግን መብራት ሲጠፋ ከሰው ሁሉ ይልቅ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ስነጫነጭ ጎረቤቴ ዘነበች አንድ የጥንት ኩራዝ ለኩሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ጋሼ ዳና፣ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራሉ ብላ አቀበለችኝ። ላምባውን ከየት እንዳገኘችው እግዜር ይወቅ፤ ዛሬ ላምባ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው በከተማው የቀረ አይመስለኝም። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ግን በረንዳው ጠፋ፣ ዘነበችም ጠፋች። እኔ ራሴ ጥቁር ጸጉር ይዤ ከመደርደሪያዬ ኋላ ቆምኩ።

ያኔ ላምባ የምንገዛው በቢራ ጠርሙስ ነው፤ አፉን በጋዜጣ ወትፎ ይዞ መሄድ ነው። ሱቄ ከድሮው መናኸሪያ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር፣ ዛሬ ባለ መስታወት ሕንፃ የቆመበት። ሕንፃው ባንክና ፋርማሲ ተሸክሟል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጥርስ ይነቀላል። ያኔ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ጋሪ ነው፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ወሬው እንኳን አልደረሰንም። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም እየጠጣን ተወደደ እንል ነበር። አቡጀዲ በክንድ፣ ቴትሮን በሜትር እሸጣለሁ። ዱንጉዛን፣ ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የአገራችንን ጨርቅ ግን የገዢውን ፊት አይቼ ነው። ሠርግ ያለበት ሰው ፊቱ ላይ ይታወቃል፤ አይከራከርም። ጎረምሶቹ ታፋው ላይ ጠብቆ ታች የሚንዘረፈፍ ሱሪ ያሰፋሉ፣ መንገዱን የሚጠርገው ሱሪያቸው ነው እንል ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው የካሴት ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዘፈን ነው የሚያሰማው። ከሰዓት በኋላ ካሴቱ ስለሚለጠጥ ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ድምፁ ይጎተታል። ሚስቴ አበበች ደግሞ በረንዳው ላይ የእግር ስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በዚያው ዘፈን ልክ ነበር፤ ጠዋት ፈጠን፣ ከሰዓት ዘገም። የደንበኛ ልብስ በሰዓቱ ይድረስ አይድረስ የሚወስነው ያ ካሴት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ያን ጊዜ በገበያችን በረንዳ ላይ መኪና የሚረግጠው ወንድ ነው። አበበች ስትጀምር ሰው ቆም ብሎ ያያት ነበር። እኔ ደግሞ ቆሞ የሚያይ ሰው ጨርቅ መግዛቱ አይቀርም ብዬ ዝም አልኩ፣ አልተሳሳትኩም። ልጃችን ዮናስ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ዘመድ መጠየቅ ትቶ፣ ለአበበች መጸለይ ትቶ፣ እኛም ተስፋ ቆርጠን ካበቃን በኋላ። ሌላ አልተከተለውም። ልጁ ነጎድጓድ ይፈራል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ከመኪናው ሥር ገብቶ የእናቱን እግር ያቅፋል፣ ስፌቱ ይቆማል። ሥራ ሲፈታ ያመኛል። አበበችንም አመማት መሰለኝ፣ አንድ ቀን ብጣሽ ለቃቅማ፣ ሰፍታ፣ ጠቅጥቃ፣ ክንፍ ያለው ባለ ረጅም ጅራት ነገር ሠርታ ከመኪናው ሥር አቀበለችው። ዘንዶ ነው አለችው፤ ስሙ አመዴ ነው። ልጁ አልፈራም፤ እኔ ነኝ ትንሽ የደነገጥኩት።

ታሪኩን ከመደርደሪያ ኋላ ሆኜ ጨርቅ እየለካሁ ስለሰማሁት ዛሬም አልተረሳኝም። ከሰው በፊት ዳሞታ ተራራ ላይ ዘንዶዎች ይኖሩ ነበር ትለዋለች። ዘንዶ ዝም ብሎ አይበላም፣ እያንዳንዱ ሥራ አለው። አንዱ ከአባያ ሐይቅ ደመና ጎትቶ ያመጣል። አንዱ ቢላቴ ወንዝ ዳር ምድሩን ቆፍሮ ፍል ውሃ ያወጣል። ትልቁ ደግሞ ሥራው ማግሳት ነው፤ ነጎድጓድ የሚባለው እሱ ነው፣ ጉራ ብቻ፣ አይነካህም። አመዴ ግን ምስኪን ነው። ክንፉ አጭር፣ ድምፁ የድመት፣ እሳቱ አንድ ድስት ጎደሬ ከማብሰል የማያልፍ። ሁልጊዜ አመድ ላይ ስለሚተኛ ነው አመዴ ያሉት፣ ለስድብ። ሽማግሌዎቹ ምን ሥራ እንስጠው ብለው ተቀመጡ። ጅብ አባር ብለው ላኩት፣ ጅቡን ብርድ መትቶት አገኘውና እያሞቀው ይዞት መጣ። ደመና ጎትት አሉት፣ አዘነለትና ለቀቀው። ከዚያ ሐምሌ ገባ። ዘንዶዎቹ ሁሉ ዝናብ ውስጥ ሲበሩ እሳታቸው ጠፋ። አፋቸው ቀዝቅዞ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ተራራው ላይ ተመለሱ፤ አንድም የሚያጨስ አፍ የለም። አመዴ ብቻ፣ ስላልበረረ፣ እሳቱን አመድ አልብሶ አዳፍኖ ተኝቷል። እንደ ጎረቤት ሴት እሳት ሊጭሩ በተራ መጡ። ትልቁ፣ ያ ጉረኛው፣ አንገቱን ደፍቶ አፉን ካፉ ገጠመ። አመዴ ለሁሉም ሰጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ፦ ሌላው ይብረር፣ አመዴ አይበርም። ሥራው መቅረት ነው።

ዮናስ በየማታው የሚጠይቀው ያንኑ ነው። አመዴ ሐይቁን አያይም? አያይም፣ ያዩት ይነግሩታል። የራሱ እሳት ቢጠፋስ ማን ይሰጠዋል? "ሰው የሚጠብቅ እሳቱን አያጠፋም" ትለዋለች። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ ክፍያው ነው። ለዚህ ሁሉ እሳት ምን ይቀበላል ብዬ አንድ ቀን ከመደርደሪያው ኋላ ጠየቅኳት። አበበች መኪናውን ሳታቆም መለሰችልኝ።

"ወሬ ነዋ። የሄዱበትን አገር ወሬ ያመጡለታል።"

ወሬ ተቀብሎ እሳት የሚሸጥ ነጋዴ ዓመት አይደፍንም አልኳት። ሳቀች። ዛሬ ሳስበው በትክክል የገመትኩት እሱን ብቻ ነው።

አበበች በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ሰንበት ትምህርት ታስተምር ነበር። አንድ እሑድ ዝናብ በርትቶ ሕፃናቱ ሲጮሁ አመዴን ከቦርሳዋ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ያለ አመዴ የሚማር ልጅ ጠፋ። ችግሩ የመጣው ከራት ጸሎት ነው። የአንድ ሰው ልጅ ቤተሰቡ ዓይኑን በጨፈነበት፣ ጌታ ሆይ የዘንዶውን እሳት አታጥፋበት ብሎ ጸለየ። አባትየው አሜን ካለ በኋላ ነው አሜን ያለበትን ያወቀው። በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሱቄ መጡ። የሚመራቸው ወንድም ሉቃስ ነው፣ የቅቤ ነጋዴ፣ ከመግባቱ በፊት ሽታው የሚገባ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሚዛኑን አያጭበረብርም። ዘንዶ በመጽሐፍ የማን ስም እንደሆነ ታውቃለህ ወንድም ዳና አለኝ፣ አውቃለሁ አልኩት። ሕፃናት የጠላትን ስም እየጠሩ ሊስቁ ነው ወይ አለ። አበበች አንገቷን ደፍታ ቁልፍ ትተክላለች። አስተማሪነቷን ሊወስዱባት እንደመጡ ገባኝ፣ ለሷም ገብቷታል። እኔም በማውቀው ሙያ ገባሁበት። ወንድሞቼ አልኩ፣ እኔ ቴትሮን ብዬ ዓመት ያልሄደልኝን ጨርቅ 'የውጭ' ብዬ በሳምንት ጨርሻለሁ፤ ዕቃው ያው ይሁን፣ ስሙን ቀይሩት። ሲመክሩ ቆዩ። እንሽላሊት ይባል ተባለ። ከመካከላቸው አንዱ ክንፍ ያለው እንሽላሊት አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አበበች ቀና አለች።

"እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ አይተህ ጨርሰሃል ወንድሜ?"

ነገሩ በዚያ ተዘጋ። ወንድም ሉቃስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ባገኘኝ ቁጥር እንሽላሊታችሁ ደህና ነው ወይ ይለኛል፣ እየቀለደ። የራሱ ልጅ ታምራት ከዮናስ ጎን ተቀምጦ በየሳምንቱ ይሰማዋል። ሉቃስ ግን የእንሽላሊቱን ስም አንድ ቀን እንኳን ጠይቆ አያውቅም።

ልጆች አደጉ፣ ጋሪው በባጃጅ ተተካ፣ የካሴት ሱቁ ሞባይል ቤት ሆነ። ዘመኑ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚኬድበት ሆነ። ያንን ወቅት ያላየ ሰው አይረዳውም። በየሰፈሩ የአንዱ ልጅ ብር ልኮ የእናቱ ሣር ቤት ብሎኬት ይሆናል፤ ጎረቤትየው ልጁን ያያል፣ ልጁ መንገዱን ያያል። ወጣቱ የሚለብሰው የተላከ ጫማ ነው፤ ነጭ፣ በጭቃችን ላይ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ። ዮናስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤቱ አልመጣለትም። ሱቅ አስቀመጥኩት። ጨርቅ ሲያጥፍ እንደሚቀጣ ሰው ነው፣ ሜትሩን በጣቱ ላይ እየጠመጠመ ውጭ ውጭውን ያያል። በዴሳ ላይ ሱቅ ልክፈትልህ አልኩት፤ እህሉም ከብቱም የሚሸጥበት ከተማ ነው፣ ገበሬ ሲሸጥ ሚስቱ ትገዛለች። ቦታ ተከራየሁ፣ መደርደሪያ አስቆረጥኩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሁሉ ሄዶ እኔ ብቻ ልቅር ወይ አለ። አበበች የሙቹዋውን ሳህን ወደ እሱ እያስጠጋች፣ የሚቀርም ሰው ያስፈልጋል አለችው፣ በለሆሳስ። ልጁ ሳቀ። እንደ አገራችን ልጆች እናቱን አዬ ነው የሚላት።

"አዬ፣ እኔ አመዴ አይደለሁም።"

የሄደው የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ባለፈ ሳምንት ነው። የወላይታ ሰው ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፤ ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው። በበዓሉ ስንበላ አብሮን በላ፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ችቦ አቀጣጠለ፣ ዳጣ በዝቶበት ዓይኑ አለቀሰ፣ ሳቅንበት። በሳምንቱ የበዴሳውን ሱቅ አይቼ ልምጣ አለ። የሚኒባሱን ሒሳብ እኔ ሰጠሁት፣ የምሳ ጨምሬ። ማታ አልመጣም። አበበች አልጋው ላይ አመዴን አገኘችው፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ አንዱ ዓይኑ ግን የለም። አልተነቀለም፣ በመቀስ ክሩ ተቆርጦ ተወስዷል። ይዛው ቆመች። ሐይቁን ሊያሳየው ነው አለች። እኔ አልገባኝም ነበር። ከቀናት በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግረው ደላላ ከድንበር ደወለ፣ እንደ ሰው ሁሉ ከፈልን፣ ታምራትም አብሮ እንዳለ ሰማን። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

በጋው አልቆ በልጉ ሲጥል ወንድም ሉቃስ መጣ። እንደወትሮው ሰላምታውን ከመንገድ አልጀመረም። በረንዳው ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። አበበች የተማሪ የደንብ ልብስ ትሰፋለች። ወንበር አቀረብኩ፣ አልተቀመጠም።

"እህት አበበች፣ ታምራት ገብቷል። ትናንት ደወለ።"

"ዮናስስ?"

ሉቃስ ኮፍያውን እያዞረ የሰማውን ነገረን። ጫካ ውስጥ ነው፣ የአገሩን ስም አልያዘውም። ከቦምቤ የሄደ አንድ ልጅ ወባ ጣለው፣ መራመድ አቃተው። መንገድ መሪው ትታችሁት ኑ አለ። ልጆቹ አለቀሱ፣ ግን ተነሡ። ዮናስ ግን ተቀመጠ። እንጨት ለቃቅሞ እሳት አነደደ፣ አውሬ አለ ስለተባለ። መኪና ሲገኝ ይመለሱልናል፣ እናንተ ሂዱ አላቸው። ታምራት እጁን ይዞ ሊጎትተው ሞክሮ ነበር። ሸሚዙ ላይ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ ነበር ይላል፣ ቀይ፣ ትልቅ፤ ሲታገሉ እጁን የቧጨረው እሱ ስለሆነ አልረሳውም።

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም" አለ ሉቃስ። "ታምራት ሲጎትተው ዮናስ ሳቀና 'አመዴ አይበርም' አለኝ ይላል። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። አመዴ የሚባለው ማነው? አብሯቸው የነበረ ሌላ ልጅ ነው? ቤተሰቡን የምታውቁ ከሆነ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ነው፣ እነሱም ሰው ናቸው፣ ይሰሙ።"

ባለ አንድ ዓይኑ አመዴ ከስፌት መኪናው ራስ ላይ ሆኖ ሉቃስን ያየዋል። እኔ መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩ። ቴትሮን ነበር እጄ ሥር፣ ሰማያዊ። አበበች እግሯን ከመርገጫው ላይ አላነሣችም፣ አልረገጠችም።

"ሲሄዱ እሳቱ ይነድ ነበር?"

"ይነድ ነበር ብሏል እህቴ። ከሩቅም ዞረን ስናይ ይታየን ነበር ብሏል።"

"እንግዲያው" አለች፣ መርገጥ ጀመረች። የደንብ ልብሱን እስከ ማታ ጨረሰችው። ስፌቱ ግን ጠማማ ነበር፣ በኋላ እኔ ለሌላ ሰፊ ሰጥቼ አስፈታሁት።

ሁለተኛው ወሬ ከርሞ ነው የመጣው፣ እሱም በታምራት በኩል። መኪና ተመልሶ ነበር አሉ። ሰው አላገኙም። የእሳቱን ቦታ አገኙ፣ አመድ ብቻ። የሰፈሩ ሰው ይሄን ሲሰማ ለቅሶ ሊቀመጥ መጣ፣ ሽማግሌዎቹም እህት አበበች ልቅሶሽን አልቅሺ፣ እግዚአብሔር ያጽናናሽ አሉ። አበበች ሰው ሁሉ ያላሰበውን ጠየቀች። አመዱ የተዳፈነ ነበር ወይስ የተበተነ? ወንዶቹ ተያየን። ሴቶቹ ግን ገባቸው፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሳት ሊመለስበት ያሰበ ሰው ያዳፍነዋል፣ ፍሙን ሰብስቦ አመድ ያለብሰዋል። የተበተነ አመድ ሌላ ነገር ነው። ዮናስ ማዳፈን ያውቃል፣ በትንሽነቱ አስተምሬዋለሁ አለች። ታምራት በስልክ ተጠየቀ፣ እሱ አላየም፣ ሹፌሩን አላውቀውም አለ። በዚህ ምክንያት ለቅሶ አልተቀመጥንም። ወሬው ሳይሞላ ልጄን አልቀብርም አለች፣ ሽማግሌዎቹም ተበተኑ።

በዚያው ሰሞን በሩ ላይ ፋኖስ ስቀልልኝ አለችኝ። ላምባ ያኔ መወደድ ጀምሮ ነበር። የመንገድ መብራት ሥራ የማዘጋጃ ቤት ነው ብዬ ቀለድኩባት፣ አልሳቀችም፣ ሰቀልኩ። ማታ ማታ እሷ ትለኩሳለች፣ ጠዋት እኔ አጠፋለሁ። ምድጃውንም ስታዳፍን ታመሻለች፤ እንደ ድሮው በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አይደለም፣ ተንበርክካ፣ ፍሙን በጣቷ ጫፍ እያስተካከለች፣ ሕፃን እንደምታለብስ። በጊፋታ የሰፈር ልጆች ችቧቸውን ከኛ ፋኖስ መለኮስ ለመዱ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ቅርብ ስለሆነ ነው። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ ለያንዳንዱ ልጅ ስትሰጥ የት ነበርክ ዛሬ፣ ምን አየህ ትላለች። ልጆቹ ኳስ ሜዳ፣ አክስቴ ቤት፣ ቦዲቲ ይሏታል። ወሬ እየሰበሰበች ነበር። በኋላ የደጃችን መንገድ አስፋልት ተነጠፈለት፣ ፋኖሱ በአምፖል ተተካ፣ ቆጣሪው ዞረ። ሰው ሁሉ መብራት ቆጥብ ሲባል የኔ በር ቀንም ማታም ይበራ ነበር፤ ማጥፊያውን ማንም እንዳይነካ ስላለች።

ስኳር በሽታ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን ያዘባት። መኪናውን መርገጥ ስታቆም ሱቁን ሸጥኩ፣ ሕንፃው የዚያን ጊዜ ነው የተጀመረው። ማየት ካቃታት በኋላም ማታ ማታ አምፖሉ በርቷል ወይ ትለኛለች። በርቷል እላታለሁ። መብራት በጠፋ ቀንም በርቷል እላለሁ፤ ሚስቴን የሸወድኳት በዚህ ብቻ ነው፣ እሱም አልተሳካም፣ የአምፖሉን ሙቀት ሳይሆን የኔን ድምፅ ነበር የምትመረምረው። የመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሆስፒታል ሳይሆን ቤት። እጄን ያዘች።

"የዮናስ አባት፣ አዳፍነው እንጂ አታጥፋው።"

"አምፖል አይዳፈንም አበበች" አልኳት።

ፈገግ ያለች መሰለኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ድንኳኑ ለአንድ ሰው ተተክሎ ለሁለት ሰው ተለቀሰበት። ሰዎቹ ለዓመታት የያዙትን እንባ ሁሉ አወጡት። የድሮ የሰንበት ተማሪዎቿ መጡ፤ አንዷ ነርስ ሆናለች፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ ከረባት ያሰረ። ነርሷ ተነሥታ ስለ አስተማሪዋ ስትናገር አመዴን አነሣች። ዝናብ ሲጥል እንዴት ከቦርሳ እንደሚወጣ፣ ሌሎቹ ሲበሩ እሱ እንዴት እንደሚቀር፣ እሳቱን እንዴት አዳፍኖ እንደሚጠብቅ። ወንድም ሉቃስ ከፊት ተቀምጧል፣ አርጅቷል፣ ቅቤ ንግዱን ትቷል፣ ሽታው ግን አልተወውም። ልጅቷ አመዴ ስትል ቀና አለ። ተነሥቶ በሰው መካከል እየተደገፈ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እንሽላሊቱ ነው?" አለኝ።

"እሱ ነው" አልኩት።

እጁን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። እንባው በጺሙ ላይ ወርዶ ካፖርቱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ካፖርቱ የድሮ ነው፣ ጨርቁን ያወቅኩት ከሱቄ የወጣ ስለሆነ ነው።

ታምራት ዘንድሮ ለጊፋታ መጣ። ሰውነቱ ሞልቷል፣ ጸጉሩ ሳስቷል፣ ጫማው አሁንም ነጭ ነው፤ አስፋልት ስላለ ግን በጣቱ ጫፍ አይሄድም። ሲጋራ ነገር አምጥቶልኝ አላጨስም ስለው አፈረ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ከዋና ነገራችን በስተቀር ሁሉን አወራን፤ የሱቅ ኪራይ እዚያ ስንት እንደሆነ፣ ሌባው፣ ብርዱ። ሲነሣ ነው የቆመበትን መሬት እያየ የተናገረው።

"ጋሼ፣ ሹፌሩን አግኝቼው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአጋጣሚ። የእትዬ አበበችን ጥያቄ ጠየቅኩት።"

"ምን አለህ?"

"አመድ አመድ ነው አለኝ።"

በሩ ድረስ ሸኘሁት። አምፖሉ ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ አየው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ለምን በቀን እንደሚበራ አልጠየቀኝም። የአበበች ተማሪ ነው።

ሰሞኑን መብራት በጠፋበት ማታ ዘነበች የሰጠችኝን ኩራዝ መብራት እስኪመጣ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ንፋስ ነበረ፣ በእጄ ከልዬ ቆምኩ። ሁለት የሰፈር ሴቶች ሻማ ሊለኩሱ መጡ፣ ለኮስኩላቸው። ከየት እንደመጡ ጠየቅኳቸው። ከገበያ አሉኝ። መብራቱ ሲመጣ ሰፈሩ እንደ ልማዱ አጨበጨበ፣ እኔም ኩራዙን አውርጄ ለባለቤቷ መለስኩ።

ሒሳቡን ልዝጋ። በእጅ ያለ፦ አንድ የዱንጉዛ ዘንዶ፣ ባለ አንድ ዓይን፤ አንድ አምፖል፣ የበራ። የገባ ወሬ፦ የለም።